ቦሎዬ ላይ ያለው ዓመት

ቅዳሜ፣ ግንቦት 17 ቀን 1988

ሥራው የኔ ሆነ! የኔ! ሰላምታ እንኳ ሳላስቀድም ከበሩ ላይ ነው የጮህኩት። ጌታሁን ሲሚንቶ በደረቀበት እጁ ደረቱን ይዞ፣ «አንቺ ሴትዮ፣ ቤት ተቃጠለ እንዴ?» አለኝ። ባሌ ግንበኛ ነው፤ ሐርጌሳ ጣሪያ ያጣ ቤት ስለማያልቅባት ሥራ ሞልቶለታል። እኔ ነኝ ዓመት ሙሉ እጄን አጣጥፌ የተቀመጥኩት። አለቀ!

ሥራው በ31 ሜይ፣ በ26 ጁንና በአሕመድ ዳጋህ ሰፈሮች ያሉትን የእናቶችና የሕፃናት ክሊኒኮች እየዞሩ የክትባቱ በረዶ አለመቅለጡን ማየት ነው። የራሷ ሞተር ያላት ሴት ፈለጉ። ማን አለ? የድሬዳዋ ልጅ ነኛ! በብስክሌት ያደግኩ፣ ወንድሜ የሰጠኝን ሰማያዊ ሞተር በጂጂጋ፣ በቶጎ ውጫሌ አድርጌ ባለፈው ወር በጭነት መኪና ያስመጣሁ።

አለቃዬ አንድ ነገር አጠበቀ። «ዶክመንት ከፊት ዲስፕሌይ ይደረግ። ኬላ ላይ እጅሽን ቦርሳ ውስጥ አትክተቺ፤ ጠመንጃ የያዘ ሰው ይደነግጣል።» ጌታሁን ዲስፕሌይ ምንድን ነው ሲል፣ አደባባይ ማውጣት ነው አልኩት። «አንቺን ነው ወረቀትሽን ነው የቀጠሩት?» ይሳቅ።

ሊብሬ አለ። መንጃ ፈቃድ አለ። ቦሎ አለ፣ ዘንድሮ የታደሰ። የዚህ አገር ማኅተም የለም። እስከ ሐሙስ ካልተመታ ሥራው ለሌላ ይሰጣል።

እሑድ፣ ግንቦት 18

ቆርቆሮ ሠሪው ለቦሎዬ ከወተት ቆርቆሮ ክፈፍ ሠራልኝ፤ መስታወት ገጥሞ ከመሪው ፊት አሰረው። ቁጥሩ ከሩቅ ይነበባል። እንደ ሙሽራ አየሁት።

ለሙከራ እስከ ኬላው ነዳሁ። ጠባቂው ፂሙን ሂና የቀባ ሰውዬ ነው፤ ሴት በሞተር ሲያይ ጥርሱ በጥርሱ ሆነ። ከዚያ ወደ ቦሎው ጎንበስ አለ። ቁጥሩን በጣቱ እየተከተለ አነበበ። ሳቁ ጠፋ። ገመዱን አነሳና ቀጥ ብሎ ቆመ። «ነበድ» አልኩት፣ ሰላም ነው በነሱ ቋንቋ። «ነበድ» አለ፤ ግን ለኔ አልነበረም። ከኋላዬ ያለውን ወንበር እያየ ነው ያለው።

ዞር አልኩ። ማንም የለም። ማን ሊኖር!

ሰኞ፣ ግንቦት 19

ሌሊት ነፋስ ነበር። ግቢው፣ ባልዲው፣ ሞተሩ ሁሉ ዱቄት የተነፋበት መስሏል። የቦሎው መስታወት ብቻ ንጹሕ ነው። በጨርቅ ተወልውሏል። ጌታሁንን አመሰገንኩት። «ምኑን?» አለኝ። በሩ ከውስጥ እንደተቀረቀረ ነው።

የትራፊክ ሹሙ ዘንድ ሄድኩ። ቦሎውን አየ፤ መነጽሩን አውልቆ ጠረገና እንደገና አየ። ሞተሩ የት ነበር አለኝ። ድሬዳዋ አልኩ። ከዚህ ጊዜ ጀምሮ? አለና መስታወቱን ነካ። እኔ ቂል፣ ጥርሴን አግጬ፣ «አዎ! ሁሉም ሕጋዊ ነው!» አልኩት።

ሊብሬዬን መሳቢያው ውስጥ ቆለፈበት። «በዚያ ዓመት ከዚህ ከተማ ብዙ ነገር ተጭኖ ወጥቷል» አለ። «የባለቤቶቹ እናቶች አሁንም አሉ።» ሐሙስ ተመለሽ አለኝ።

የትኛው ዓመት? ምን አጠፋሁ?

ማክሰኞ፣ ግንቦት 20

ዛሬም ተወልውሏል።

ገበያ ሄጄ ነበር። መንገዱ ግራና ቀኝ ቤት የሚሠራበት ነው፤ የምስማር ድምፅ ጆሮ ይበሳል። እኔ ስደርስ ግን ከፊቴ ያለው መዶሻ ሁሉ ዝም ይላል። ሳልፍ ከኋላዬ እንደገና ይጀምራል። መንገዱን ሙሉ እንደዚያ። በዝምታ ውስጥ የኔ ሞተር ብቻ። ላብ አጠመቀኝ።

ማምሻውን ሰህራ መጣች፣ የአጥር ጎረቤታችን የኤዶ ሃዎ ልጅ። ኤዶ አክስት እንደማለት ነው፤ አሮጊቷን ሰፈሩ ሁሉ እንዲያ ነው የሚጠራቸው። ሰህራ አልቀመጥም አለች። «ዘውዲ፣ እናቴ ልጁን የት ጥለሽው መጣሽ ትላለች።»

የምን ልጅ?

ወንድሟ ፋራህ። ጦርነቱ ከተማው የገባ ቀን በሞተሩ ወጥቶ ቀረ። ሞተሩም ቀረ፤ ያኔም ሰማያዊ ነበር። ሰፈሩ ሁሉ ሞተሩ ተመለሰ እያለ ነው። ከየት አመጣችሁት ይሄን ወሬ ብላት፣ «ፊቱ ላይ ተጽፎ የለም? 1988!» አለችኝ።

«ዘንድሮ ነዋ!» አልኩ።

እንደ እብድ አየችኝ። ያኔ ነው የገባኝ። የኛ ዘንድሮ የነሱ የመከራ ዓመት ነው! እነሱ 1996 ላይ ናቸው። እኔ ያንን ዓመት በመስታወት ክፈፍ አድርጌ ከተማውን አዞርኩት። መጀመሪያ ሳቄ መጣ፤ ከዚያ ጠጉሬ ቆመ።

ረቡዕ፣ ግንቦት 21

እመቤቴ ማርያምን ጠርቼ ኤዶ ሃዎ ዘንድ ገባሁ። የግድግዳ ቀን መቁጠሪያችንን ይዤ ነበር፤ የኛም የፈረንጁም ቁጥር ያለበትን። እኛ አዲሱን ዓመት በመስከረም እንደምንቀበል፣ አቆጣጠራችን ወደ ኋላ እንደሚቀር፣ አፌ እስኪደርቅ አስረዳሁ።

«እናንተ ዘንድ ገና ያ ዓመት ነው?» አሉ።

«ገና ነው፣ ኤዶ።»

«እንግዲያው በናንተ ልጄ አልሞተም።»

እኔ ወሬ የማይነጥፍብኝ ሴት፣ የያዝኩትን ብቻ ዘረጋሁላቸው።

መቁጠሪያውን ተቀብለው ሰህራን አስነበቡ። ፋራህ የወጣው ሰፈራችን በስሙ በሚጠራበት ቀን ነው፣ ሜይ 31። በኛ ግንቦት 23፣ የፊታችን ዓርብ። እጄን ያዙኝ፤ መዳፋቸው እንደ እንጨት ነው። «ዓርብ ሞተሩን አታውጪው።»

ችግሩ አለቃዬ መንገዱን ላሳይሽ ብሎ የቀጠረኝ ዓርብ ነው። ዕረፍት ቀኑን ለኔ ብሎ። ምን ልበለው?

ሐሙስ፣ ግንቦት 22

ኤዶ ሃዎ እኔም እሄዳለሁ ብለው ሞተሩ ላይ ወጡ! ወገቤን አንቀው ያዙ። ሰህራ በአውቶቡስ ተከተለችን።

ሹሙ ሞተሩን ወደ ጥላ አስገፋና፣ «ኤዶ፣ አንድ ቃል ይበቃል። የልጄ ነው ካልሽ ያንቺ ነው» አላቸው። ሥራዬም ሞተሬም አፋቸው ውስጥ ገባ። ነዳጅ መያዣውን ዳሰሱ። ወንበሩን ዳሰሱ። ጎማው ሥር እንደ ሕፃን ቁጢጥ አሉ። አስነሺው አሉኝ፤ አስነሳሁት። ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙ። እንደዚያ ለረጅም ጊዜ።

«የልጄ አይደለም» አሉ። «የልጄ ሲነሳ ያስለዋል። ይኼ ይዘፍናል።»

ስለ ዘመን አቆጣጠሩ ሰህራ አስረዳች። ሹሙ ሳቅ ሊል ነበር፤ ኤዶን አየና ተወው። ማኅተሙ ተመታ! 1996 የሚል ወረቀት ሰጠኝ። «ያንን ግን አንሺው፤ ሰው ይተኛ» አለ። ኤዶ ሃዎ ከኔ ቀድመው፣ «ዓርብ ይለፍ» አሉት።

ስንመለስ ቦሎውን ስለሚወለውሉልኝ አመሰገንኳቸው። «እኔ? በዚህ ጉልበቴ አጥር ልዘል?» ሰህራ በሳቅ ፈረሰች። እኔ አልሳቅኩም።

ዓርብ፣ ግንቦት 23

ጊዮርጊስ ነው፤ የፈረሰኛው ቀን። ለአለቃዬ ሞተር አላወጣም፣ ቀኑ ከባድ ነው ብዬ ላክሁ። «ሥራ ሳትጀምር ዕረፍት? ነገ እንነጋገራለን» ብሎ መለሰ።  ቢሆንም አላወጣሁትም።

ኤዶ ሃዎ በጠዋት ሻይ በፔርሙዝ ይዘው መጡ። ከሞተሩ ትይዩ ሰሌን አንጥፈው ተቀመጡ። እዚያው ሰገዱ፣ እዚያው ቁርጥራጭ ቂጣ በሉ። አላወሩኝም፤ እኔም ስንት ወሬ ዋጥኩ!

ፋራህ የወጣው በከሰዓቱ የአሱር አዛን ነበር። ልክ አዛኑ እንዳለቀ ከመንገዱ ጫፍ የሞተር ድምፅ ተሰማ። እየቀረበ መጣ። እየሳለ። በራችን ላይ ሲደርስ ጠፋ። ጌታሁን ሮጦ ከፈተ። አቧራና ፍየል ብቻ።

ኤዶ ሃዎ ዞር አላሉም። እኔ ግን የሞተሬን ሆድ ነካሁ። ጥላ ውስጥ የዋለ ብረት ነው። ፈጀኝ።

ፀሐይ ስትጠልቅ ሰሌናቸውን ጠቀለሉ። ፊታቸው የሌላ ሰው ፊት ነበር። «አልሐምዱሊላህ» አሉ። «ዛሬ ቤት ዋለ።»

ቅዳሜ፣ ግንቦት 24

ጠዋት ቦሎው አቧራ ለብሶ ጠበቀኝ። የሚወለውለው አልመጣም። ትንሽ ቆምኩ፤ ከዚያ እኔው በቀሚሴ ጫፍ ጠረግኩት። አዲሱን ወረቀት ከፊቱ አድርጌ፣ እሱን ከጀርባው አስቀመጥኩት። አይጣልም።

አለቃዬ ፊቱን አጨፍግጎ ነበር። የዚህ አገር ሰው ነው፤ ዓርብ ምን ቀን እንደነበርና ለማን ብዬ እንደቀረሁ ነገርኩት።  ከዚያ የበረዶ ሳጥኖቹን ቁልፍ እጄ ላይ አኖረ። ተቀጠርኩ፣ በቃ፣ ሞቼም አልለቅ!

ሦስቱንም ሰፈር ዞርኩ። መዶሻው አንድ ጊዜም አላቆመም፤ ደስ ሲል! ኬላው ላይ ሂና የቀባው ሰውዬ ገመዱን አነሳልኝ። ወደ ኋላ ወንበሬ አየና፣ «ዛሬ ብቻሽን ነሽ?» አለኝ።

አልጠየቅኩትም። ነዳሁ።

እንግዲህ የሥራዬ ድግስ ነገ ነው! ሰኞ የሰኔ ጾም ስለሚገባ ከነገ ማለፍ አይቻልም። ሁለት ፍየል፤ አንዱን ጌታሁን ለኛ ያርዳል፣ አንዱን የሰህራ ባል ለነሱ፤ ድስቱም ለየብቻ። ኤዶ ሃዎ ከሁሉ በላይ ይቀመጣሉ። ሹሙ ይምጣ፣ አለቃዬ ይምጣ፣ ቆርቆሮ ሠሪው ይምጣ፣ የጌታሁን ግንበኞች በሙሉ፣ ያ የኬላ ሰውዬም ይምጣ። ከኤዶ ሃዎ ጎን አንድ ሰሃን በትርፍ አስቀምጣለሁ። ለማን ነው የሚለኝ እንዳይኖር። ነገ፣ እሑድ፣ ጰራቅሊጦስ፤ የቀረ ሰው አኩርፌዋለሁ!