በእርሳስ የቀረው ስም

ዛሬ ማክሰኞ፣ ሰኔ 4 ቀን 2016 ዓ.ም.፣ በሟች እህቴ የልብስ ስፌት ቤት ውስጥ፣ እኔ የአሥራ ሰባት ዓመቱ ታናሽ ወንድሟ ይህን ኑዛዜ ስናገር የክፍል ኃላፊ መምህሬ ይጽፋሉ። አእምሮዬ ጤነኛ ነው። የታመመው ልቤ ነው። እህቴ በዚሁ ሕመም ከሞተች አሥራ ዘጠኝ ቀኗ ሲሆን፣ እኔም ሐሙስ ለቀዶ ሕክምና እገባለሁ። ሐኪሙ «አይዞህ» ሲሉኝ ዓይኔን አያዩም።

እህቴ የዛሬ ሰባት ዓመት ቤቷንና ሁለቱን የስፌት መኪናዎች ለእኔ ተናዝዛ ነበር። ያኔ ከእኔ ሌላ ማንም አልነበራትም። በኋላ አብራት ትሰፋ የነበረችው ጓደኛዋ በወሊድ ሞተችና ሕፃኗን ወስዳ አሳደገች። ልጅቷ ዳዴ ስትል የሸሚዝ ቁልፍ ስለዋጠች ሁላችንም «ቁልፍ» እንላታለን። ኑዛዜውን ማስተካከሉም የጉዲፈቻው ወረቀትም ግን ለነገ ቀሩ። «ይህን የተማሪ ልብስ ላድርስና ሰኞ ሄጄ አስተካክለዋለሁ» ትል ነበር። ስንት ሰኞ አለፈ! ኑዛዜውን ከመሳቢያው ስናወጣው፣ የጠበበ ልብስ ለማስፋት ምልክት እንደምታደርገው ሁሉ፣ ከስሜ ጎን የልጅቷን ስም በእርሳስ ጽፋለች። የእርሳሱ ጽሑፍ ፊርማ ስለሌለው አይሠራም ተባለ። እህቴን አልወቅሳትም። ትንሽ እወቅሳታለሁ።

አጎቴ «ወረቀቱ የሚለው አንተን ነው፤ ምን ታካብዳለህ? ልጅቷ ማሳደጊያ ትግባ» አለኝ። እኔ ብሞት ወራሼ እሱ ነው። የውል መዝጋቢዋ ደግሞ «አሥራ ስምንት ሳይሞላህ ቤት መስጠት አትችልም፤ መናዘዝ ግን ትችላለህ» አለችኝ። ስለዚህ የምችለውን አደርጋለሁ።

አንደኛ፣ ቤቱና መኪናዎቹ ለቁልፍ ይሁኑ። ሙሉ ስሟ እዚህ በተያያዘው የልደት ወረቀት ላይ አለ።

ሁለተኛ፣ ሞግዚቷ ልብስ የሚተኩሱልን እትዬ ይሁኑ፤ በቤቱም አብረዋት ይኑሩ። እትዬ እዚህ ላይ «አንተ ልጅ፣ ሟርትህን ተው! ሐሙስ ሾርባህን ይዤ መጣሁ ነው የምልህ!» ብለው ጮኹ። መምህሬ «ይኼም ይጻፍ?» አሉ። ይጻፍ።

ሦስተኛ፣ የአባቴ ካፖርት ለአጎቴ ይሁን። ትከሻው ላይ ይጠበዋል፤ ግን እህቴ ውስጡ ትርፍ ጨርቅ ትታለታለች።

አራተኛ፣ ከተረፍኩ ይህ ወረቀት መሳቢያ ውስጥ አይረሳ። በየዓመቱ በቁልፍ የልደት ቀን ይነበብ፤ የተለወጠ ነገር ካለ በዚያው ዕለት እንደገና ይጻፍ፣ ይፈረም። እህቴ ለሚያድግ ልጅ ስትሰፋ ጠርዙ ላይ ሁልጊዜ ታተርፍ ነበር።

ለምስክርነት ከጠራናቸው ጎረቤቶች አንዱ፣ ፀጉር አስተካካዩ፣ «እንግዲህ የቤቱ ቁልፍ ለቁልፍ!» ብሎ ሊያስቀን ሞከረ። የሳቀችው ራሷ ቁልፍ ብቻ ናት። ከዚያ እጄን ይዛ «መቼ ነው የምትመለሰው?» አለችኝ። «ሰኞ» ልላት አፌን ከፍቼ፣ ቃሉን ትቼ እስክሪብቶውን አነሳሁ።

ይህ ተነቦልኝ ቃሌ መሆኑን አረጋግጫለሁ። ሁላችንም በአንድነት፣ በእስክሪብቶ ፈርመናል።

ተናዛዥ፦ ወንድሟ
ምስክሮች፦ ፀጉር አስተካካዩ፣ ክር ነጋዴዋ፣ ሁለት ሌሎች ጎረቤቶች
ጸሐፊ፦ መምህሩ