ለምርመራ ቀን ብቻ ጨዋ ስለሚሆኑ መኪኖች

ይድረስ ለተከበሩ የተሽከርካሪ ምርመራ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፤

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰነበቱ እያልኩ፣ ጤናዎ የተሟላ፣ ወንበርዎ የተደላደለ፣ ከደጅዎ የሚቆመው ሰልፍም እንደ ወትሮው የረዘመ ይሆን ዘንድ ከልብ እመኛለሁ። እኔ ደኅና ነኝ። ባለቤቴ ከሰፈራችን ቁልቁለት ግርጌ ከሞተ ወዲህ እንባዬ ስለደረቀ ሰው ሁሉ ጠንካራ ይለኛል። ደንዝዤ እንጂ ጠንክሬ አይደለም፤ ይህን ለማስረዳት ግን ስለሚደክመኝ አመሰግናለሁ ብዬ አልፋለሁ። እርስዎንም የማመሰግነው በዚሁ መንፈስ ነው።

ባለቤቴ ያረጀች የጀርመን መኪና ነበረችው፤ እንደ ብዙ ጓደኞቹም ጀርመኖቹ የሰጧት ጉልበት አልበቃው አለ። ከመፍቻ ይልቅ ላፕቶፕ ስለሚይዝ «ፕሮፌሰሩ» የምንለው የሰፈራችን መካኒክ የሞተር ጉልበት የሚጨምር ትልቅ ተርቦ ገጠመላት፤ የሞተሯን ኮምፒውተር ፕሮግራምም ቀየረላት። ከዚያ ወዲህ እያፏጨች የምትበር ሆነች። ፍሬኗ ግን ያው የድሮው ነበር። ምስጋናዎቼን በቁጥር ላስቀምጥ።

፩ኛ. ከመሥሪያ ቤትዎ በር ፈንጠር ብላ ያለችውን ኪዮስክ አመሰግናለሁ። በምርመራ ቀን ፕሮፌሰሩ ጥላዋ ሥር ላፕቶፑን እየሰካ መኪኖቹን ወደ ፋብሪካ ጠባያቸው ይመልሳል፤ ቦሎ ተለጥፎላቸው ሲወጡ ደግሞ እዚያው መልሶ ያባልጋቸዋል። መርማሪዎችዎ ሻይ የሚጠጡት ከዚያችው ኪዮስክ ስለሆነ፣ አላዩም ብዬ ስማቸውን አላጠፋም። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ነው።

፪ኛ. ኮምፒውተሩስ አይታይም እንበል፤ ተርቦው ግን የሚጨበጥ ብረት ነው። መርማሪዎ ኮፈኑን ከፍቶ አይቶታል፤ አይቶም «ወንድሜ፣ ይቺስ ታምራለች! የእኔንም እንዲሠራልኝ የሰውዬውን ስልክ ስጠኝ» ብሎታል። ባለቤቴ ይህን እራት ላይ እየሳቀ ነገረኝ፤ እኔም አብሬው ሳቅሁ። ለዚያ ሳቅ ውለታዎ አለብኝ፤ አብረን ከሳቅናቸው ከመጨረሻዎቹ አንዱ ነበር።

፫ኛ. የትራፊክ ፖሊሱ እንዳስረዳኝ፣ መኪናዋ ቁልቁለቱን ስትወርድ ፍሬኗ ሊይዛት ከሚችለው በላይ ፈጥና ነበር። የፊት መስታወቷ ሲረግፍ ቦሎው የተለጠፈበት ቁራጭ ብቻ ሳይሰነጠቅ ቀርቷል። ስለ ሙጫችሁ ጥራት በየሄድኩበት እመሰክራለሁ።

፬ኛ. ፕሮፌሰሩ ሊያጽናናኝ መጥቶ የእውነቱን አለቀሰ። ሲወጣ ግን በሩ ላይ ቆም ብሎ ተርቦው ተርፎ እንደሆነ ጠየቀኝ። ውሰደው አልኩት፤ በዚያ ሰሞን ለሁሉም ነገር እሺ እል ነበር። ተርቦውን ወሰደ፣ ተመልሶ መጥቶም ሞተሩን ወሰደ። አሁን ያ ተርቦ የጎረቤታችን የመጨረሻ ልጅ መኪና ውስጥ ነው። አመሻሽ ላይ እያፏጨ በደጃችን ሲያልፍ ትንሿ ልጄ ሳህኗን ትታ «አባዬ መጣ!» እያለች ወደ በሩ ትሮጣለች። ዘመዶቼ ልጅቷ ተሳስታ ነው ይላሉ። አልተሳሳተችም፤ የአባቷን ድምፅ ነው የምትሰማው። በፊት ሮጬ አቅፌ እመልሳት ነበር፤ አሁን ከመቀመጫዬ አልነሳም። ከሁሉም የሚያስፈራኝ ይኸው ነው።

የጎረቤቴ ልጅ የሚወርደው ያንኑ ቁልቁለት ነው። ደጋግሜ መክሬዋለሁ። ጨዋ ልጅ ነውና አቀርቅሮ ይሰማኝና «እትዬ፣ አይስጉ፤ ምርመራ አልፋለች እኮ» ብሎ ወረቀትዎን ያሳየኛል። «ፍሬን፦ አስተማማኝ» ይላል፤ ሥሩም ተፈርሞበታል። የባሏን ሬሳ የተቀበለች ሴት ከምትናገረው ይልቅ የእርስዎ ማኅተም ስለሚታመን፣ የምጠይቅዎ አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ያቺን መኪና በኪዮስኳ በኩል ሳታልፍ፣ ሳይነገራት፣ እዚሁ መንገዳችን ላይ ያስመርምሩልኝ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ቢሉኝ እውነትዎን ነው፤ ሁለተኛው ጅብ ግን ገና መንገድ ላይ ነው። እባክዎን። ይህችኛዋ ቃል ሽሙጥ የለባትም።

ውድ ጊዜዎን ስለተሻማሁ በትሕትና ይቅርታ እየጠየቅሁ፣ በከተማው መስታወት ሁሉ ላይ ለሚያበራው ማኅተምዎ ያለኝን ወሰን የለሽ አክብሮት እገልጻለሁ።

የምስክር ወረቀትዎ የዘወትር አድናቂ፣
ከቁልቁለቱ በላይ የምትኖር መበለት

ማስታወሻ፦ የባለቤቴ መኪና ከመዝገብ እንድትሰረዝልኝ ሰነዷን ለአንድ ጉዳይ አስፈጻሚ ሰጥቼ ነበር። ሰውዬው ልማድ ሆኖበት መሰለኝ፣ ሳያሰርዝ የዘንድሮ ቦሎ ይዞላት መጣ። መኪናዋ ያለ ሞተርና ያለ ጎማ ግቢዬ ውስጥ ድንጋይ ላይ ተቀምጣለች። ወረቀቷ «ጭስ፦ ከተፈቀደው በታች። ፍሬን፦ አስተማማኝ» ይላል። ለእሷስ ልክ ናችሁ፤ ንቅንቅ አትልም። ቀኑንና ፊርማውን ግን ከጎረቤቴ ልጅ ወረቀት ጋር ጎን ለጎን አድርጌ አየሁት፤ አንድ ነው።