የጥቁር ባርኔጣዬ አሟሟት

ሰኞ፣ ነሐሴ 6 ቀን። ሲልቨር ስፕሪንግ።

ጥቁር ባርኔጣዬ ባለፈው ሐሙስ ፍሎሪዳ ውስጥ፣ ድንገት በተነሣ ነፋስ የአዞዎች ኩሬ ውስጥ ወድቆ ከዚህ ዓለም በሞት መለየቱን በጥልቅ ሐዘን እገልጻለሁ።

የባለቤቴ የሰብለ ሙት ዓመት ሊደርስ አርባ ቀን ይቀረዋል። ስለዚህ ልጄን ሊያን ወደዚያ የመጫወቻ ፓርክ አገር ይዤ ስሄድ ከራስ እስከ እግር ጥቁር ለብሼ ነበር። ሙቀቱ ያፍናል። የድብ ልብስ ውስጥ ሆኖ ሕፃናት የሚያጫውተው ሠራተኛ እንኳ አዝኖልኝ የራሱን ውሃ ሰጠኝ።

ሊያ ሦስት ቀን ሙሉ አሥር እርምጃ ርቃኝ ሄደች። አዞዎቹ ዘንድ ስንደርስ አጥሩን ተደግፋ፣ «አባዬ፣ ቀብር የመጣህ እኮ ነው የምትመስለው» አለችኝ።

«ለእናትሽ ነዋ።»

«ማሚ ይሄን ትሪፕ ፕላን ያደረገችው እንድንስቅ ነበር።»

ባርኔጣዬን አውልቄ በእጄ ይዤ አጥሩን ተደገፍሁ። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ባርኔጣው ውሃው ላይ ተንሳፈፈ። አንድ ግዙፍ አዞ ቀረብ ብሎ መረመረውና ንቆት ሄደ። ሊያ ሳቀች። እናቷ ካረፈች ወዲህ ሳቋን ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው። እኔም አብሬያት ሳቅሁ፤ ወዲያው ግን ሰብለን በሆዴ ይቅርታ ለመንኳት።

ዛሬ የሰብለ ታላቅ እህት እትዬ አስካለ እዚሁ ቅርብ ካለችው ከአሌክሳንድሪያ መጥተው ገና ከበር፣ «ባርኔጣህስ? ዓመቷ መች ወጣና?» አሉኝ።

«ነፋስ ወሰደው፣ እትዬ።»

«እንግዲህ ነፋስን ማን ይከሰዋል» ብለው ገቡ። አናቴን ግን ደጋግመው አዩት።

ማስተካከያ፦ ከላይ «ድንገት በተነሣ ነፋስ» የተባለው በስሕተት የተጻፈ ነው። በዕለቱ ቅጠል የሚያነቃንቅ ነፋስ አልነበረም።