ስንዝር የጨመርኩበት ፍራሽ

ለምወድዎ አባቴ፣

አሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላህ። እንዴት ከረሙልኝ? ጉልበትዎ ክረምቱን እንዴት ቻለው? ዓይንዎስ? እናቴ ደኅና ናት? ከብቱ፣ ጎረቤቱ፣ የሐርቡ ሰው ሁሉ ሰላም ነው? እኔ አልሐምዱሊላህ ደኅና ነኝ፤ ኑዕማንም ከወገቡ በቀር ደኅና ነበር። እህቴ ሳሊሐ፣ ይህን ለአባዬ ስታነቢላቸው ድምፅሽን ዝቅ አድርጊ። እናታችን ከሰማች ሦስት ቀን እህል አትቀምስም።

ባለፈው እንደጻፍኩልዎ የባሌ የኑዕማን ወገብ ታክሲ መንዳቱን አልቻለም። ስለዚህ ዋይሊ በምትባል ከተማ ከምትኖር አንዲት ባሏ የሞተባት አሮጊት ቤት ያለው መኪና ገዛ። እንደ አውቶቡስ ይነዳል፣ ውስጡ ምድጃና አልጋ አለው። ሻርፕና የቆዳ ቦርሳ ጭኖ በየከተማው ገበያ ሊውል፣ እዚያው ሊያድርበት ነው። ሴትዮዋ ባሏ የሞተው እዚሁ አልጋ ላይ መሆኑን ሳትደብቅ ነገረችን። ፍራሹም ሰው በቀኝ ጎኑ የተኛበት ጉድጓድ ነበረው፤ ትከሻው ይታያል፣ ተረከዙ ይታያል። እኛ አገር የሟች ምንጣፍ ታጥቦ ለምስኪን ይሰጣል እንጂ ማን ከነመኪናው ይሸጠዋል? አዲስ ካልተገዛ አትተኛበትም አልኩት።

ፍራሽ መምረጥ እንዲህ ሰው እንደሚያደክም አላውቅም ነበር። የመኪናው አልጋ ከቤት አልጋ ያጥራል፤ አንዱ ጥጉም ለመተላለፊያ ተብሎ ተቆርጧል። ወፍራም ሲሆን ሰው ሲነሳ ግንባሩን ጣራ ይመታዋል፤ ሲለሰልስ ወገብ ይሰምጣል፤ ሲጠነክር መሬት ላይ ከመተኛት አይሻልም። በመጨረሻ እዚሁ ግራንድ ፕሬሪ ስፖንጅ በልክ የሚቆርጥ ሰው አገኘን። ሳይተኙበት ፍራሽ አይገዛም ብሎ በገበያተኛው ፊት ከነሻርፔ አጋደመኝ። ኑዕማን እየሳቀ ወጥቶ ደጅ ቆመ። ከሥሩ ጠንካራ፣ ከላዩ ስስ ለስላሳ ያለበትን መረጥንና ልኩን አምጡልኝ አለን።

ጥፋቴ እዚህ ላይ ነው። ሜትር አልነበረንም። ወርዱንና ጥጉን በሲባጎ ያዝኩ፤ ለቁመቱ ግን አልጋውን መለካት ሲገባኝ ኑዕማንን ለካሁት። አሮጌው ፍራሽ ላይ ተጋደም አልኩት፤ ወገቡ የሚመቸው በቀኝ ጎኑ ነውና ዞሮ ተኛ። ሲባጎ ከአናቱ እስከ ተረከዙ ዘረጋሁ። ልቋጥር ስል እጄ በራሱ ጊዜ ስንዝር ጨመረ። ያቺን ስንዝር ያውቋታል፣ አባዬ። ሟች ቤት ገብተው ለመቃብሩ ልክ ሲወስዱ እኔ የሲባጎውን ጫፍ እይዝልዎ ነበር፤ ሁልጊዜም ስንዝር ይጨምሩ ነበር። ኑዕማንም የዚያው አገር ልጅ ነውና ገባው። ፊቱ ዐመድ መሰለ። ሲነሳ ያ ጉድጓድ ከትከሻ እስከ ተረከዝ የእሱ ልክ ሆኖ አየሁት።

ስፖንጁ በዚያ ሲባጎ ተቆርጦ መጣ። አልጋው ውስጥ ስናስገባው ጣት የሚያስገባ ክፍተት አልነበረውም። ወገቡም ዳነ፤ ይህን መካድ አልችልም። ግን ሲተኛ አይገላበጥም። እናቴ ዘንድ ሳይቀር የተሳቀበት ማንኮራፋቱ ጠፋ። ትላንት በጠራራ ፀሐይ ተኝቶ አገኘሁትና እጄን አፍንጫው ሥር አደረግሁ። ይተነፍሳል፤ ትንፋሹ ግን ቀዘቀዘኝ። ሲነሳ፣ ሁለት ሳምንት ያልሞላው ስፖንጅ በዚያው ቦታ፣ በዚያው ጎን ጎድጉዷል። አሮጌውን በገዛ እጄ ነው የጣልኩት።

ፈርቻለሁ። አርብ ለመጀመሪያ ጊዜ ኤል ፓሶ ይሄዳል፤ የሙሉ ቀን መንገድ ነው፣ ብቻውን ነው። እኔ አዛውንቶች የምጠብቅበት ሥራ አይለቀኝም። አትሂድ ብለው፣ አብሽሪ፣ የገበያውን ቦታ አስቀድሜ ቡክ አድርጌያለሁ ብሎ ዘጋኝ።

ዛሬ እሑድ ቀትር ላይ እኔው ጉድጓዱ ውስጥ በቀኝ ጎኔ ተኛሁና ሲባጎውን ሰጠሁት። ለካኝ፣ ብቻህን ተለክተህ አትሄድም አልኩት። ተቆጣ፣ ወጣ፣ ተመለሰ። ከአናቴ እስከ ተረከዜ ለካኝ። ሊቋጥር ሲል ቆመና፣

«ስንዝሯን ግን አልጨምርም። አንቺ ትቆያለሽ» አለኝ።

አባዬ፣ ያን ሁሉ ሰው ሲለኩ፣ ተለክቶ የተነሳ ያውቃሉ? ካለ ስሙን ያስጽፉልኝ። ለኑዕማንም ዱዓ ያድርጉለት፤ ሲባጎውን የያዝኩት እኔ ነኝና ለእኔም።

ሳሊሐ፣ የእናታችንን ጉልበት ሳሚልኝ። ወንድሜን ዓብዱልወሃብን ከነልጆቹ፣ ሳሊሐንም፣ አባዬ፣ አንድ ባንድ ሰላም ይበሉልኝ። ደብዳቤውን አሽጌ የምሰጠው ለኑዕማን ነው፤ ኤል ፓሶ ሲደርስ እዚያ ፖስታ ቤት ያስገባዋል። ይህ ወረቀት እጅዎ ከገባ፣ ቢያንስ እስከዚያ ድረስ በሕይወት ሄዷል ማለት ነው።

ልጅዎ ሀጂራ
ግራንድ ፕሬሪ፣ ቴክሳስ
መስከረም 18 ቀን 1990 ዓ.ም.