ጀሶ ውስጥ የቀረ እጅ

ውድ ወንድሜ ጭቃው፣

ጤንነትህን ሳልጠይቅ ስለጀመርኩ አትቀየመኝ። ደህና መሆንህን አዳራሹ በር ላይ ከተለጠፈው ፎቶህ አይቻለሁ። ወፍረሃል፤ ኮትም ለብሰሃል።

የሥነ ጥበብ አዳራሽ ምን አገባው እንዳትል። የኋለኛው ክፍል ልስን ተሰንጥቆ ጠዋት ሰው ሳይገባ ድፈንልን ብለውኝ ነው። መሰላሌን ተሸክሜ ሳልፍ፣ ወገብ የሚደርስ ማቆሚያ ላይ አንድ ነጭ የሽማግሌ እጅ አየሁ። የሌላ ሰው ሁለት ጣቶች ጨብጧል። ከሥሩ ስምህና «ስንብት፤ ከትዝታ የተቀረጸ» የሚል ወረቀት ተለጥፏል።

መሰላሉን አስቀመጥኩ። የአውራ ጣቱ ጥፍር መሀል ለመሀል ተሰንጥቋል፤ አባባ በመዶሻ የመታው ጥፍር ነው። እሱን እንኳ ማንኛውም ልጅ ያስታውሰዋል እንበል። የቆዳው ቀዳዳ አንድ በአንድ መታየቱስ? አንጓው ላይ ጀሶው ይዞ ያስቀራት አንዲት ሽበትስ? የፈለግከውን ሰው አታልል፣ ለሳኝን ግን በጀሶ አታታልለውም። ከትዝታ ፀጉር አይነቀልም! ደግሞ ከተጨበጡት ጣቶች አንዱ ጫፉ ጎበጥ ያለ ነው። በልጅነታችን በር ዘግቼበት ያጎበጥኩት ያንተ ሌባ ጣት። ስሙን እኔ አላወጣሁለትም።

ያን ቀን ታስታውሳለህ። ለእህታችን ለእትዬ ከአባባ አልጋ አልነቃነቅም ብዬ ቃል ገብቼላት ነበር። አሠሪዬ ደውሎ «ኮርኒሱ ግማሽ ላይ ቀረ እኮ» ሲለኝ፣ አባባ እንቅልፍ ስለወሰደው፣ ሁለት ሰዓት ብቻ ብዬ ወጣሁ። የተበጠበጠ ጀሶ ሰው አይጠብቅም፤ ጥለኸው ብትሄድ ድንጋይ ሆኖ ይጠብቅሃል። ስመለስ አንተ በሩ ላይ ቆመሃል። «አሁን መድረሴ ነው» አልከኝ። አባባ አልፏል።

እትዬ መጥታ እጁን ስትስም ጥፍሩ ሥር ነጭ ነገር አየች። «ከሥራ መጥተህ ሳትታጠብ ነካኸው? ብቻውን እንዲሞት ትተኸው ሄደህ፣ ጭራሽ በቆሻሻ እጅህ?» አለችኝ። ታጥቤ ነበር። ግን ስትጮህብኝ እኔም ራሴን ተጠራጠርኩ፤ ለሳኝ መቼ ጠርቶለት ያውቃል? «እጁ ደግሞ ለምንድነው ቫዝሊን ቫዝሊን የሚለው?» ብላ ስትጠይቅ አንተ መስኮቱን እያየህ ነበር። ኮሪደር ላይ ያስቀመጥኩት የጀሶ ከረጢት አፉ ተከፍቶ፣ ሳፋዬ ጠፍቶ ሳገኝ እንኳ ከለቀስተኛው አንዱ ወስዶት ነው ብዬ ተውኩት። ስድስት ዓመት ሙሉ ሦስቴ ሳልታጠብ ልጄን አላቅፍም። ሚስቴ ትስቅብኛለች። እኔ ግን አልስቅም።

እጁን ልነካው ስጠጋ አስጎብኚዋ ከበሩ ጮኸች።

«ኧረ ጋሼ፣ አይነካም!»

«የአባቴ ነው።»

«እሱማ ስንቱ ነው እንደዚህ የሚለኝ! ትናንትም አንዲት ሴትዮ የእናቴ እጅ ነው ብላ አልቅሳ ሄደች።»

ሳትሰማ ሳቅኩ። ከዚያ ስንጥቁን እየደፈንኩ ነገሩን መገጣጠም ጀመርኩ፤ ባልጀምር ይሻለኝ ነበር። የሞተ ሰው እንደዚያ አጥብቆ አይጨብጥም፤ ስለዚህ ጀሶው እንዳይጣበቅበት ቫዝሊን ቀብተህ ስታፈስበት በሕይወት ነበር። ፈቅዶልህ ይሆናል። የቀረጽከውን ሁሉ ሲወድልህ ኖሯል፤ እኔ የለሰንኩትን ግድግዳ ግን አንድ ቀን ዳሰስ አድርጎ አያውቅም። ይሄንንም በቅናት ነው በለው፣ ልክ ነህ።

የማያስተኛኝ ግን ሌላ ነው። ጀሶ እስኪደርቅ ከሩብ ሰዓት በላይ ይፈጃል። በዚያ ሩብ ሰዓት ውስጥ ትንፋሹ ቢቆራረጥስ? ጎረቤታችን ነርሷ ከግድግዳው ወዲያ ነበረች፤ ብትጮህ ትሰማለች። ጮህክ? ወይስ እጅህ ተይዟልና፣ ብትነቃነቅ ይበላሻልና፣ ዝም ብለህ ጠበቅከው? ክፉ ሐሳብ ነው። ወንድሜን እንዲህ ማሰብ ራሴን አስጠልቶኛል። ግን እኔም በዚያችው ሰዓት ጀሶዬ እንዳይበላሽ ብዬ ሰው ቤት ኮርኒስ ሥር ቆሜ ነበር። ስለዚህ እንዴት እንደሚደረግ አውቀዋለሁ።

እሑድ እትዬ ጋ እሄዳለሁ፤ ሁሉንም እነግራታለሁ። አባባ ብቻውን አለመሞቱን ማወቅ አለባት፤ እኔም ብሆን ሳላውቀው ስድስት ዓመት ተቃጥያለሁ። ከእኔ ቀድመህ ብትደርስ ደስ ይለኛል። ካልመጣህ ግን የጠረጠርኩትን ሁሉ እንደጠረጠርኩት እናገራለሁ፤ ያኔ ወንድሜ አሳጣኝ እንዳትል።

ለእሷ የፈለግከውን ንገራት። ለእኔ ግን አንዲት ነገር ብቻ ጻፍልኝ፤ መዋሸትህንም አለመዋሸትህንም ከእጅ ጽሑፍህ አውቃለሁ። ጀሶው ደርቆ ሲከፈት፣ ጣትህን የለቀቀው እሱ ነው ወይስ አንተ ነህ ያላቀቅከው?

መልስህን ቆሞ የሚጠብቅ
ታላቅ ወንድምህ