የአክስቴ እርጥብ ጫማና ዘጠኙ ምክንያቶች

ለክቡር የቴክኒክ ኮሌጃችን ዲን
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሞ የከበረ ሰላምታዬ ይድረስዎ፤ ጤናዎም እንደ ደህና ሞተር ሙቀት ወደ ላይም ወደ ታችም ሳይል መሃል ላይ እንዲረጋ ከልብ እመኛለሁ። ባለፈው ወር «የኮሌጁ ትምህርት በሥራ ዓለም እንዴት እንደጠቀመኝ» የሚል የአንድ ገጽ ምስክርነት እንድልክና ከፎቶግራፌ ጋር በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ እንዲለጠፍ የጠየቁበትን ደብዳቤ በታላቅ አክብሮት ተቀብያለሁ። መልሱ የዘገየው ከንቀት አይደለም፤ አሥራ አንድ ቀን የአጎቴን መኪና ሞተር ስፈታ፣ የቀረውን ጊዜ ደግሞ ከሰው ዓይን ስሸሽ ስለነበር ነው። ምስክርነቴን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ፤ በተራ ቁጥር ማሰብን ያስተማራችሁኝ እናንተ ናችሁና።

፩ኛ. ስለ ዘጠኙ ምክንያቶች አመሰግናለሁ። «መኪና የማቀዝቀዣ ውሃ የምታጎድልባቸው ዘጠኝ ምክንያቶች» የሚለውን ማስታወሻ ዛሬም ከእንቅልፌ ቢቀሰቅሱኝ ሳልደናቀፍ በቃሌ እወጣዋለሁ፤ ከባዱ ከላይ፣ ቀላሉ ከታች፣ ቅደም ተከተሉን ላዛባ ደግሞ ግማሽ ነጥብ ቅነሳ። እኔ አንድም ጊዜ አልተቀነሰብኝም። አጎቴ ዕድሜዋ ከእኔ የሚበልጠውን፣ ወለሏ ከመሬት አንድ ስንዝር ብቻ ከፍ የሚለውን፣ ከሚስቱ አስበልጦ ይወዳታል እየተባለ የሚታማባትን ባለ ሁለት በር የስፖርት መኪናውን እያሳየ «ውሃ ትጠጣለች፣ የት እንደምታደርሰው ግን አይታይም፤ አንተ የተማርከው እስቲ እያት» ባለኝ ጊዜም እንደ ልማዴ ከተራ ቁጥር አንድ ጀመርኩ። መሬቱ ላይ ጠብታ የለም፤ ጠዋት ስትነሳ ከጭስ ማውጫዋ ነጭ እንፋሎት ይወጣል። በብርድ ጠዋት ማንኛዋም መኪና እንዲያ እንደምትተነፍስ ማስታወሻው ላይ ስላልነበረ፣ ጋርኒሲዮኑ፣ ማለትም የሞተሩ ራስ (ቴስታታ) ማሸጊያ፣ ተበልቶ ሞተሩ ውሃውን እያቃጠለው ነው ብዬ ፈረድኩ።

፪ኛ. ስለ መስታወቱ ቁም ሣጥን አመሰግናለሁ። ውሃው የሚፈስበትን ቦታ በግፊት የሚያጋልጠው ፓምፕ በወርክሾፓችን እንዳለ በዓይኔ መስክሬያለሁ፤ እንግዳ በመጣ ቁጥር ሲወለወልም አይቻለሁ። አራት ዓመት ሙሉ ቁልፉ ንብረት ክፍል ነበር፣ የንብረት ክፍሉ ኃላፊም ስብሰባ ላይ ነበሩ። ዕቃውን በእጄ ሳልነካ ስለ አጠቃቀሙ ሙሉ ነጥብ ማግኘቴ፣ የኮሌጃችንን የማስተማር ጥበብ ከበቂ በላይ የሚያስረዳ ይመስለኛል።

፫ኛ. ስለ ሪፖርት አጻጻፍ ያለኝ ምስጋና ወሰን የለውም። ሞተሩን ከመፍታቴ በፊት ሁለት ገጽ የምርመራ ሪፖርት በኮምፒውተር ጻፍኩ። «የብልሽቱ መንስኤ» በሚለው ርዕስ ሥር «ቀደም ሲል የተደረገ፣ ብቃት የጎደለው ጥገና» አልኩ። ያን ጥገና ያደረጉት በሠፈራችን ጋራዥ ያላቸው፣ የአሥራ ሦስት ቁጥር የብሎን መፍቻ ቁልፍ ከኪሳቸው ስለማይለይ ሁሉም ጋሽ አሥራ ሦስት የሚላቸው፣ ከአጎቴ ጋር ሃያ ዓመት የተወዳጁ ሽማግሌ ናቸው። ግልባጭ የሌለው ሪፖርት ሪፖርት አይደለም ተብለን ስለተማርንም፣ የእሳቸው ደንበኞች ለሆኑ ሦስት ጎረቤቶች «ለግንዛቤ» በሚል ግልባጭ አደረግሁ። ዋናውን በገዛ ጋራዣቸው፣ ሰው ባለበት፣ በእጃቸው ሰጠኋቸው። በጨርቅ እጃቸውን ጠርገው፣ እንዳይቆሽሽ በሁለት ጣት ይዘው አነበቡትና «ጎሽ፣ ጽሑፍህ ያምራል» አሉኝ። እኔም ምስጋና መስሎኝ ፈገግ አልኩ። አጎቴ ከዚያ ቀን ጀምሮ በጋራዡ በር ሲያልፍ አንገቱን አዞረ፤ ሦስቱ ጎረቤቶችም መኪናቸውን ወደ ሌላ ወሰዱ።

አራተኛውን ቁጥር ልሰጠው አልቻልኩም፤ ነገሩ በተራ የሚሄድ አልሆነምና።

በአሥራ አንደኛው ቀን ጋርኒሲዮኑ ወጣ፤ ጤነኛ፣ ቁስል የሌለበት፣ እኔን የሚታዘብ ይመስል ነበር። አዲስ ተክቼ ገጠምኩት፤ ውሃው ግን አሁንም ጎደለ። አጎቴ ያኔ እያፈረ ሄዶ ጋሽ አሥራ ሦስትን ይዟቸው መጣ። እሳቸውም ኮፈኑን አልከፈቱም። መጀመሪያ ወደ ሚስቱ፣ ወደ አክስቴ፣ ዞረው «አንቺ ነሽ ጎኑ የምትቀመጪው፤ ምን አየሽ?» አሏት። አክስቴ ይህን ጥያቄ ስትጠብቅ የኖረች ይመስል «ወር ሙሉ ቀኝ ጫማዬ ይረጥባል፣ መስታወቱ ጉም ይለብሳል፣ ሽሮፕ ሽሮፕ የሚል ነገር ይሸታል ብል ማን ሰማኝ! ይሄ የተማረው ዝናብ ነው አለኝ» አለች። ክቡር ሆይ፣ ያን ወር ዝናብ አልዘነበም። ሽማግሌው የእሷን በር ከፈቱ፣ ምንጣፉን በመዳፋቸው ተጫኑ፣ እጃቸውን አሸተቱና ለእኔ ዘረጉልኝ። ከዳሽቦርዱ ሥር ያለችው የማሞቂያው ትንሽ ራዲያተር ተበስታ፣ ጣፋጭ ሽታ ያለው ማቀዝቀዣ ፈሳሽ የተቀላቀለበት ውሃ ወደ ውስጥ፣ አክስቴ እግር ሥር ይፈስ ነበር። ማስታወሻው ላይ ዘጠነኛዋ ነበረች፤ «መንገደኛውን ጠይቅ» የሚል ግን በየትኛውም ቁጥር የለም።

በማግሥቱ ይቅርታ ልጠይቅ ጋራዡ ሄድኩ። ከመኪና ሥር ሆነው «ካርቶን ይዘህ ግባ» አሉኝ፤ ገብቼ ጎናቸው ተኛሁ። ያጠናሁትን ይቅርታ ሳልጨርስ «ለእኔ ምን ያደርግልኛል? ወረቀት ለሰጠሃቸው ንገር። ወረቀት ያጣመመውን ወረቀት ያቅናው» አሉ። ከዚያ ወዲያ ስለ ሥራ ብቻ አወራን፤ ነገም እንድመጣ አልነገሩኝም፣ እንዳልመጣም አልነገሩኝም። እኔ ግን ካርቶኔን እዚያው ትቼ መጥቻለሁ።

እንግዲህ የጠየቁት ምስክርነት ይኸው ነው። ሪፖርቴ ሐሰት ነበር፤ የጋሽ አሥራ ሦስት ጥገና እንከን አልነበረበትም፤ ብቃት የጎደለው እኔ ነበርኩ። ማስታወሻውን ጻፋችሁት እንጂ እንዳልጠይቅ አፌን የያዛችሁት እናንተ አይደላችሁምና፣ የእፍረቱን ትልቁን ድርሻ ለራሴ አስቀርቼ፣ የተረፈውን በክብር እልክልዎታለሁ።

ስለ ከፍተኛ ማዕረጌ ዘወትር ባለ ዕዳዎ፣ ስለ ቀሪው ደግሞ በካርቶን ላይ የተጋደምኩ፣
የዘንድሮው ተሸላሚ ተመራቂ

ግልባጭ፦
ለዳቦ ቤቱ ባለቤት፣
ለጡረተኛዋ ነርስ፣
ለታክሲ ነጂው (ሦስቱንም በእጄ፣ በየበራቸው ቆሜ አንብቤ የምሰጥ)፣
ለአክስቴ።

ድኅረ ጽሑፍ፦ ፎቶግራፍ አልላክሁም። ከጋራዡ ስወጣ ግን የእርስዎን ነጭ መኪና በጓሮው በር በኩል ቆማ አየኋት። የኮሌጃችን ወርክሾፕ ሥራ በዝቶበት እንደሆነ ገምቼ አለፍኩ። አይስጉ፤ እሷን የሚያክሟት ጋሽ አሥራ ሦስት ናቸው እንጂ የእርስዎ ተመራቂ አይደለም።