ከማሽኔ በላይ የተሰቀለው ሱፍ

ልጄ፣ ዓይኔ፣ በሄድሽበት ሁሉ ደግ ሰው ይግጠምሽ። እኛ ደህና ነን። የአባትሽም ጉልበት ተሽሎታል፤ ደረጃውን ያለ እኔ ይወርዳል።

ለዓለም አቀፍ ግንኙነት ማስተርሱ ነፃ የትምህርት ዕድል «ለቃለ መጠይቅ ተጠራሁ» ብለሽ የጻፍሽልኝ ዕለት፣ እኔ ችኩሏ ስፌት ቤታችን ገብቼ «ልጄ አለፈች!» አልኩ። አፌ ጉድ ሠራኝ! የተጠራው መቶ ሰው፣ የሚወሰደው አሥር መሆኑን ኋላ ስትነግሪኝ፣ አብረውኝ የሚሰፉት ሴቶች በድሮ ልክሽ ሱፍ ሰፍተውልሽ ጨርሰዋል። አለቃችንማ «የአምባሳደሯ እናት» እያለች ነው የምትጠራኝ። ሱፉን ከማሽኔ በላይ ሰቅለውታል፤ ቀና ስል እሱ፣ ጎንበስ ስል የእነሱ ምርቃት። «ኧረ ገና ነው» ልል አፌን እከፍትና «እስቲ ክር አቀብሉኝ» ብዬ እዘጋዋለሁ።

አንቺ በዚህ አትጨነቂ። ብቻ ብዪ፤ በፎቶው ላይ ከስተሻል፣ ሱፉም ይሰፋሻል። ጠያቂዎቹ ፊት ስትቀርቢ አንደበትሽን ያቅናልሽ፣ ሞገስ ይስጥሽ።

አንድ ነገር ግን ልለምንሽ። ከቀረም አትደብቂኝ፣ ከሰው ሁሉ በፊት ለእኔ ንገሪኝ። ሱፉን ከመስቀያው የማወርደው እኔ ልሁን።

ችኩሏ እናትሽ